በካሊፎርኒያ የታቱና የቅንድብ ቤት ላላችሁ፦ ግዴታችሁ፣ ቅጣቱና እንዳይዘጋባችሁ የሚደረገው ደረጃ በደረጃ

ፈቃድ ማውጣቱ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ያለው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ታቱ፣ ማይክሮብሌዲንግ (ቅንድብን በትንንሽ ምላጭ መቀለም) ወይም የከንፈር ቀለም የሚሠሩ ወገኖች ጣጣ ውስጥ የሚገቡት ሥራውን ስለማይችሉ አይደለም። አንዲት ወረቀት ትጎድላቸዋለች። ወይም የያዙት ፈቃድ ለሌላ ሥራ የተሰጠ ሆኖ ይገኛል።

በጣም የተለመደው እንዲህ ነው። አንዷ የኮስሞቶሎጂ ላይሰንስ አላት። ሰው ሳሎን ውስጥ ወንበር ትከራይና ቅንድብ መሥራት ትጀምራለች። ላይሰንሷ ለፀጉርና ለፊት ሥራ ነው። ቆዳ ውስጥ ቀለም ለማስገባት አይሆንም። ኢንስፔክተሩ የመጣ ቀን እሷም የሳሎኑ ባለቤትም ተያይዘው ይጠየቃሉ።

ይህ መመሪያ ስለ ካሊፎርኒያ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ ወይም ሲያትል ያላችሁ ሕጋችሁ ሌላ ስለሆነ እንዳለ አትገልብጡት።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሕጉ እናንተን ይመለከታል ወይ?

ዋናው ሕግ ሴፍ ቦዲ አርት አክት (የሰውነት ጥበብ ደህንነት ሕግ) ይባላል። ከሐምሌ 2012 (በፈረንጅ) ጀምሮ ይሠራል። በግዛቱ የጤና ሕግ ውስጥ ከቁጥር 119300 ጀምሮ ታገኙታላችሁ። ታቱ፣ የአካል መበሳት፣ በግለት ቆዳ ላይ ምልክት ማውጣትና ቋሚ ሜካፕ በሙሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። ማይክሮብሌዲንግም ቋሚ ሜካፕ ነው። "ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ይጠፋል እኮ" የሚለው ክርክር አያድናችሁም። በመርፌም ይሁን በትንንሽ ምላጭ፣ ቀለም ቆዳ ውስጥ ከገባ ሕጉ ይመለከታችኋል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው፦ ማጥፋት። እኛ ጋ የግንባር መስቀል ወይም የአንገት ንቅሳት ለማስጠፋት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ለዚህ ብላችሁ ኦንላይን ሌዘር እንዳትገዙ። በካሊፎርኒያ ንቅሳትን በሌዘር ማጥፋት የሕክምና ሥራ ነው። ሐኪም፣ ወይም በሐኪም ቁጥጥር ሥር የሚሠሩ ነርስና የሐኪም ረዳት ብቻ ናቸው የሚሠሩት። የታቱ ምዝገባችሁ እዚያ አይደርስም። ያለ ፈቃድ ሕክምና በመስጠት ከመከሰስ፣ ደንበኛውን ወደ ቆዳ ሐኪም ላኩት።

ደረጃ 1፦ የትኛው ቢሮ እንደሚመለከታችሁ ለዩ

ፈቃዱን የሚሰጠው ግዛቱ አይደለም። ቤታችሁ ያለበት አካባቢ የጤና ቢሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲው ኢንቫይሮንመንታል ሄልዝ (የአካባቢ ጤና) ክፍል ይሆናል።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ነው። ሎንግ ቢች፣ ፓሳዲናና በርክሊ የየራሳቸው የጤና ቢሮ አላቸው። ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ጉዳያችሁ ከሎስ አንጀለስ ካውንቲ ጋር ነው። ሎንግ ቢች ሄዳችሁ ስትሠሩ ግን ሌላ ክልል ገባችሁ ማለት ነው። ኦክላንድ የአላሚዳ ካውንቲ ነው። በርክሊ ግን እዚያው አጠገብ ሆኖ የራሱ ነው።

በአንድ ቢሮ የተመዘገበ ባለሙያ በሌላው የካሊፎርኒያ ክልል መሥራት የሚችለው በተከታታይ ከ5 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው። በዓመት ውስጥ በድምሩ ደግሞ ከ15 ቀን አይበልጥም። ቅዳሜና እሁድ ጓደኛችሁ ሳሎን ሄዳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ቀኖቹን ደብተር ላይ ቁጠሩ። 16ኛው ቀን ላይ ያልተመዘገባችሁ ሰው ናችሁ።

ከሌላ ግዛት ወይም ከአዲስ አበባ እንግዳ ባለሙያ ልታመጡ ካሰባችሁ ደግሞ ይህ የ15 ቀን እፎይታ አይሠራለትም። እዚሁ መመዝገብ አለበት።

ደረጃ 2፦ የራሳችሁን ምዝገባ ጨርሱ

ምዝገባው የሰው ነው። ቤቱ ፈቃድ ቢኖረውም፣ እያንዳንዱ ነቃሽ በስሙ ይመዘገባል። በየዓመቱም ይታደሳል። እነዚህን ሳታዘጋጁ ማመልከቻ አታስገቡ፦

1. 18 ዓመት መሙላታችሁን የሚያሳይ መታወቂያ።
2. የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ማስረጃ። ክትባቱን ካልወሰዳችሁ በደም ምርመራ መከላከያ እንዳላችሁ አሳዩ። ወይም የኦሻን (የሥራ ቦታ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ደንብ ተከትላችሁ "አልከተብም" የሚለውን ቅጽ ፈርሙ።
3. በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ስለመከላከል የወሰዳችሁት ሥልጠና። ቢያንስ 2 ሰዓት ነው። በየዓመቱ ይደገማል።
4. ሕጉን እንደምታውቁና እንደምታከብሩ የምታረጋግጡበት ፊርማ።

ክትባቱን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የተለመደው ባለ ሦስት መርፌ ክትባት 6 ወር ይፈጃል። ሄፕሊሳቭ የሚባለው ግን ሁለት መርፌ ነው፣ በአንድ ወር ልዩነት። የምትቸኩሉ ከሆነ ፋርማሲውን በስሙ ጠይቁት።

*ሥልጠናው ውድቅ ከተደረገባችሁ፦* ኦንላይን በርካሽ የሚሸጥ አጠቃላይ ሰርተፍኬት ገዝታችኋል ማለት ነው። ለነርሶችና ለጽዳት ሠራተኞች የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት የቢሮውን የጸደቁ አሠልጣኞች ዝርዝር ተመልከቱ። ስሙ ከሌለ አትክፈሉ።

ምዝገባው ሲመጣ ኪስ ውስጥ ወይም ስልክ ላይ አይቀመጥም። ደንበኛ በቀላሉ በሚያየው ቦታ ስቀሉት።

ደረጃ 3፦ ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን መርምሩ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ሰው የአምስት ዓመት ሊዝ ይፈርምና፣ በኋላ የቧንቧ ሥራ የቤቱን ኪራይ ያህል ይጠይቀዋል። አትፈርሙ። መጀመሪያ የከተማውን የዞኒንግ (የቦታ አጠቃቀም) ክፍል ሄዳችሁ እዚያ አድራሻ ላይ ታቱ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። የጤና ቢሮው ቢፈቅድም ከተማው ሊከለክል ይችላል። ሁለቱ አይነጋገሩም ብላችሁ ገምቱ።

ቀጥሎ ቤቱን በዓይናችሁ ፈትሹ፦

- ነቃሹ በቀላሉ የሚደርስበት የእጅ መታጠቢያ ይኑር። ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በእጅ ከማይነካ ማውጫ የሚወጣ የወረቀት ፎጣ። የፀጉር ማጠቢያው ገንዳ ለዚህ አይቆጠርም።
- ወለሉና ግድግዳው ለስላሳና የሚታጠብ ይሁን። ምንጣፍ አይሆንም።
- ሥራ የሚሠራበት ቦታ ከመኝታ፣ ከመታጠቢያና ከምግብ ማዘጋጃ የተለየ መሆን አለበት። አፓርታማችሁ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ አስተኝቶ መሥራት የለም።
- ሥራ ቦታው ውስጥ ምግብ፣ መጠጥ፣ ሲጋራና የግል ዕቃ አይገባም። የቡናው ረከቦትም ማስቲካውም ውጭ ይቆይ። ማኪያቶ ጠረጴዛው ላይ ተገኝቶ ነጥብ ማጣት ያበሳጫል፣ ግን ይሆናል።
- በእያንዳንዱ ሥራ ቦታ ፕላስቲክ የለበሰ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይኑር።

ይህ ሁሉ ከተሟላ የቤቱን የጤና ፈቃድ አመልክቱ። ፈቃዱ ለዚያ ባለቤትና ለዚያ አድራሻ ብቻ ነው።

*ወንበር የምትከራዩ ከሆነ፦* የሳሎኑን ባለቤት "የቦዲ አርት ፈቃድሽን አሳዪኝ" በሏት። የሳሎን ፈቃድና የቦዲ አርት ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ይሉኝታ ይዟችሁ ሳትጠይቁ ከቀራችሁ፣ የምትጠየቁት አብራችሁ ነው።

ደረጃ 4፦ የኢንፌክሽን መከላከያ ዕቅዱን ራሳችሁ ጻፉ

ሕጉ በጽሑፍ የሰፈረ ዕቅድ ይጠይቃል። አንዱ ቅጂ ለጤና ቢሮው ይገባል። ሌላው ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል። እነዚህን ይመልስ፦ ጠረጴዛና ወንበር በምን፣ እንዴት ይጸዳል? ተመልሶ የሚያገለግል መሣሪያ እንዴት ይታጠባል፣ ይታሸጋል፣ ይመክናል፣ ከአቧራና ከእርጥበት ተጠብቆ ይቀመጣል? ቦታው ከሥራ በፊት እንዴት ይዘጋጃል፣ ከሥራ በኋላስ እንዴት ይፈርሳል? መርፌ እንዴት ይወገዳል?

የሰው ዕቅድ አትቅዱ። ኢንስፔክተሩ "እዚህ ላይ የጻፍከውን አሳየኝ" ይላል። እናንተ የሌላችሁን አውቶክሌቭ (በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) የሚያወራ ዕቅድ ይዛችሁ ከተገኛችሁ መልስ የላችሁም። ያላችሁን ዕቃ በስሙ ጻፉ። የምትጠቀሙበትን ፀረ ጀርም ፈሳሽ ስምና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የቆይታ ጊዜ ጨምሩ። ይህ የቆይታ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ፈሳሹን ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ማጽዳት አይደለም። ጠርሙሱ "3 ደቂቃ" ካለ፣ ገጹ 3 ደቂቃ ሙሉ እርጥብ መሆን አለበት። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ደረቅ ገጽ ላይ 7 ቀን ሊቆይ የሚችል ነው።

ሠራተኞችን በዚህ ዕቅድ ላይ አሠልጥኑ። ሲቀጠሩ፣ ሥራው ሲቀየር፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንዴ። ቀኑንና ፊርማውን የያዘ ወረቀት 3 ዓመት ቤቱ ውስጥ አስቀምጡ።

ደረጃ 5፦ ማምከን ወይስ አንዴ ተጠቅሞ መጣል? አሁኑኑ ወስኑ

ትንሽ ቤት ከሆናችሁ የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ አውቶክሌቭ አትግዙ። በፋብሪካ መክኖ የታሸገ፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ ተጠቀሙ። የማምከኛ ክፍል ከማዘጋጀት ትድናላችሁ። በምትኩ ግን ወረቀት አለባችሁ፦

1. የገዛችሁበት ደረሰኝ፣ ቀኑና ሻጩ።
2. ዕቃው መምከኑን የሚያረጋግጥ፣ በአምራቹ ደብዳቤ ላይ የሰፈረ፣ የሎት ቁጥር (የምርት ዙሩ መለያ) ያለበት ማስረጃ።
3. የእያንዳንዱ ሥራ መዝገብ፦ የነቃሹ ስም፣ የደንበኛው ስም፣ ቀኑ።

የመርፌውን ማሸጊያ ከመጣላችሁ በፊት ሎት ቁጥሩ ያለበትን ክፍል ቁረጡና ደንበኛው ፋይል ላይ ለጥፉ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። የቀለሙንም ሎት ቁጥር እዚያው ጻፉ። በ2011 ኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ውስጥ 19 ሰዎች ታቱ ከተሠሩ በኋላ ቆዳቸው ተመርዟል። ምንጩ ከፋብሪካው በዲስቲልድ ውሃ ቀጥኖ የመጣ ቀለም ነበር። ነቃሹ ቀለሙን ገና ሲከፍተው የተበከለ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ሎት ቁጥሩ ነው ጥፋቱ የእናንተ አለመሆኑን የሚያሳየው።

አውቶክሌቭ ካላችሁ ደግሞ ማምከኛው ከሥራ ቦታው ቢያንስ 5 ጫማ ይራቅ፣ ወይም የሚጸዳ ግድግዳ ይለየው። የራሱ መታጠቢያ ይኑረው። ማሽኑን ሲተከል፣ ከትልቅ ጥገና በኋላ፣ እንዲሁም ቢያንስ በወር አንዴ በስፖር ምርመራ (ማሽኑ ጠንካራ ጀርሞችን መግደሉን በሚያሳይ ፈተና) ፈትኑ። ውጤቱን በቀን በቀኑ መዝግቡ። ሳሎኖች ውስጥ የሚታየው ሰማያዊ መብራት ያለው ሳጥን አያመክንም። ማሰሮ ውስጥ መቀቀልም አያመክንም።

*የስፖር ምርመራው ከወደቀ፦* ማሽኑን ወዲያው አቁሙ። ካለፈው ጥሩ ውጤት ወዲህ የመከኑትን ጥቅሎች በሙሉ ከመደርደሪያ አውጡና ለዩ። እስኪጠገንና ድጋሚ ፈተናውን እስኪያልፍ በሚጣል ዕቃ ሥሩ። ያደረጋችሁትን ሁሉ ጻፉ። መውደቁን ደብቆ መቀጠል ከመውደቁ የባሰ ነው።

ደረጃ 6፦ ደንበኛው ሲቀመጥ መጀመሪያ ዕድሜ፣ ከዚያ ቅጽ

*ዕድሜ።* ከ18 ዓመት በታች ታቱ የለም። ወላጅ ቢፈርምም የለም። ወላጅ አጠገብ ቆሞም የለም። እናት ልጇን ይዛ መጥታ "እኔ እናቷ ነኝ፣ እኔ ፈቅጃለሁ" ብትላችሁ፣ "ይቅርታ እትዬ፣ ሕጉ ለእርስዎም አይፈቅድልዎትም" በሏት። ይህ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 653 ላይ ራሱን ችሎ የተቀመጠ ወንጀል ነው። ልብ በሉ፦ መንቀስ ብቻ አይደለም፣ "እነቅስሻለሁ" ብሎ ሐሳብ ማቅረብም ያስጠይቃል።

ለእኛ ብቻ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከአገር ቤት የመጣ የልደት ወረቀት ወይም የቀበሌ መታወቂያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። የልደት ዓመቱ 2003 የሚል ወረቀት በፈረንጅ ካነበባችሁት ሰውየው ትልቅ ሰው ይመስላል። እውነቱ ግን በፈረንጅ 2010 ወይም 2011 የተወለደ ልጅ ነው። ስለዚህ ፓስፖርት ወይም የካሊፎርኒያ መታወቂያ ጠይቁ። ቅጂውን ከቅጹ ጋር አያይዙ።

*ቅጽ።* ደንበኛው ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንብቦ፣ ሞልቶ፣ ፈርሞ መጨረስ አለበት። ቅጹ እነዚህን ይያዝ፦

- ምን እንደሚሠራለት፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ።
- ታቱ ቋሚ መሆኑ።
- የታቱ ቀለሞችን ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) እንዳላጸደቃቸውና ለጤና የሚያስከትሉት ነገር እንደማይታወቅ።
- ከሥራው በኋላ የሚደረግ እንክብካቤ፦ መታጠብ፣ ዋና፣ የጓሮ ሥራና ከእንስሳት ጋር መነካካት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከለከል።
- የኢንፌክሽን ምልክቶች፦ መቅላት፣ ማበጥ፣ መግል፣ ትኩሳት፣ ከቁስሉ ተነስቶ ወደ ልብ አቅጣጫ የሚሄድ ቀይ መስመር። እነዚህ ከታዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለበት።

ከዚህ ጋር የጤና መጠይቅ አለ፦ እርግዝና፣ ስኳር፣ የሚሠራበት ቦታ ላይ የወጣ ሄርፒስ፣ ለላቴክስ ወይም ለአንቲባዮቲክ አለርጂ፣ የደም አለመርጋት፣ የልብ ቫልቭ ችግር፣ የሚወስደው መድኃኒት።

እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው የፈረመው ፊርማ ዋጋው ትንሽ ነው። ቅጹን በአማርኛም አዘጋጁ። በትግርኛም ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። ከዚያም በቃል ጠይቁ። የእኛ ሰው በሽታውን ቶሎ አይናገርም። እማማ ቅንድባቸውን ሊሠሩ መጥተው "ደህና ነኝ ልጄ፣ ምንም የለብኝ" ይላሉ። "እማማ፣ ስኳር አለብዎት?" ስትሉም "ኧረ የለም!" ነው መልሱ። "እሺ፣ ጠዋት ጠዋት የሚውጡት ክኒን አለ?" ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ቦርሳቸውን ይከፍታሉ። ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት) ይወጣል፣ ደም ማቅጠኛም ይወጣል። ስለዚህ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ክኒኑ ጠይቁ። ደም ማቅጠኛ ካለ ያለ ሐኪማቸው ምክር አትጀምሩ። መድኃኒቱን አቋርጠው እንዲመጡም በፍጹም አትንገሯቸው።

የተሞላው ቅጽ የጤና ምስጢር ነው። በሚቆለፍ መሳቢያ ይቀመጥ። ስትጥሉትም ፍጩት። ፎቶ አንስታችሁ ግሩፕ ላይ "ዛሬ የመጣችው" ማለት ደግሞ ሌላ መዘዝ ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 7፦ ሥራው ላይ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ

1. ንጹሕ ሽርጥ ልበሱ። እጃችሁን ታጠቡ፣ አድርቁ።
2. አዲስ ጓንት በሁለቱም እጅ አድርጉ።
3. ማሽኑን፣ ገመዱን፣ መብራቱንና የምትነኩትን ጠርሙስ ሁሉ በሚጣል ፕላስቲክ ሸፍኑ።
4. ፀጉር መላጨት ካስፈለገ አንዴ በሚጣል ምላጭ ላጩ። ቆዳውን በፀረ ጀርም አጽዱ።
5. ለዚያ ደንበኛ የሚበቃውን ቀለም ብቻ ትንሽ የሚጣል ጽዋ ውስጥ ቅዱ። ማቅጠን ካስፈለገ የመከነ ውሃ ብቻ ተጠቀሙ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም።
6. መርፌውን ደንበኛው ፊት ክፈቱ።
7. ስትጨርሱ የተረፈውን ቀለም ድፉት። ወደ ጠርሙሱ አይመለስም፣ ለነገም አይቀመጥም።
8. ጓንቱን አውልቁ። እጃችሁን እንደገና ታጠቡ።

ስልክ ሲጮህ በጓንት አንስታችሁ ተመልሳችሁ መሥራት? ጓንቱ ተበክሏል። አውልቁ፣ ታጠቡ፣ አዲስ አድርጉ። ጓንት ሲቀደድም እንዲሁ ነው።

*መርፌ እናንተን ከወጋችሁ፦* ሥራውን አቁሙ። ቦታውን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይሻላል። "ነገ አያለሁ" አትበሉ።

ደረጃ 8፦ መርፌውን በሕጉ አስወግዱ

ያገለገለ መርፌ ወዲያው ወደማይበሳ ሳጥን ይገባል። ሳጥኑ እጃችሁ የሚደርስበት ይሁን። የባዮሃዛርድ ምልክት ወይም ያገለገለ መርፌ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይኑረው። ከሙላቱ መስመር አታሳልፉት። የኮካ ጠርሙስ ውስጥ አትክተቱ፣ ከተራ ቆሻሻ ጋር አትጣሉ። ፈቃድ ያለው ሰብሳቢ ይወስደዋል፣ ወይም በተፈቀደ የፖስታ አገልግሎት ይላካል። የማስረከቢያ ደረሰኙን 3 ዓመት አስቀምጡ።

ደረጃ 9፦ ሰው ቀጥራችሁ ከሆነ

ነቃሽ ስትቀጥሩ ወይም ሲለቅ በ30 ቀን ውስጥ ለጤና ቢሮው በጽሑፍ አሳውቁ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኢሜይል ከላካችሁ ቅጂውን ያዙ።

ሠራተኛ ካላችሁ ካል ኦሻ (የካሊፎርኒያው የሥራ ቦታ ደህንነት ቢሮ) ይገባል። ሠራተኛው ሥራ በጀመረ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በነጻ እንዲያገኝ አድርጉ። በመርፌ የመወጋት አደጋ ሲደርስ፣ ሪፖርት በተደረገ በ14 የሥራ ቀን ውስጥ መዝግቡት። መዝገቡ 5 ዓመት ይቆያል።

"ሠራተኛ አይደለም፣ ኮንትራክተር ነው" ማለት ካሊፎርኒያ ላይ በቀላሉ አይሠራም። ሰዓቱን፣ ዋጋውንና ደንበኛውን የምትወስኑት እናንተ ከሆናችሁ ሠራተኛ ነው የሚባለው። ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ የግድ ነው። ያለዚህ ኢንሹራንስ መሥራት ወንጀል ነው። ቅጣቱ ከ10,000 ዶላር አያንስም፣ እስከ አንድ ዓመት እስራትም ሊያስከትል ይችላል። ከጤና ቅጣቱ ይልቅ ትንንሽ ቤቶችን የሚያፈርሰው ይህኛው ነው ባይ ነኝ። የእህት ልጅ "ለጊዜው እየረዳችኝ ነው" እየተባለ የሚሠራበት ቤት ሁሉ ይህን ደግሞ ያንብብ።

ደረጃ 10፦ ኢንስፔክተር ሲመጣ

በር ላይ አትከራከሩ። ሥራ ላይ ከሆናችሁ "ደንበኛዬን ጨርሼ ልምጣ" ማለት ትችላላችሁ። መግባት መከልከል ግን ራሱ ጥፋት ነው። አንድ ፋይል አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፦ የቤቱ ፈቃድ፣ የእያንዳንዱ ሰው ምዝገባና የሥልጠና ወረቀት፣ ዕቅዱ፣ የስፖር ውጤት ወይም የሚጣል ዕቃ ደረሰኝ፣ የመርፌ ማስወገጃ ደረሰኝ። የተለያዩ ሕጎች የተለያየ ጊዜ ይላሉ። ግራ እንዳይገባችሁ የታቱ ወረቀቶቹን በሙሉ 3 ዓመት ያዙ፣ የመርፌ አደጋ መዝገቡን ብቻ 5።

የማታውቁትን ጥያቄ በግምት አትመልሱ። "አላውቅም፣ አጣርቼ እልካለሁ" በቂ ነው። ያለፈውን ወር መዝገብ እዚያው ቁጭ ብላችሁ አትሙሉ። አንድ ዓይነት እስክሪብቶ፣ አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ የሠላሳ ቀን መዝገብ። ወዲያው ያስታውቃል።

ቅጣቶቹ፣ ሳይሸፋፈኑ

ሳይመዘገቡ መንቀስና ያለ ቤት ፈቃድ መሥራት ሚስዲሚነር የሚባለው የወንጀል ዓይነት ነው። ታዳጊን መንቀስም እንዲሁ። ሌላ ቅጣት ካልተጻፈለት በስተቀር ሚስዲሚነር እስከ 6 ወር እስራት፣ እስከ 1,000 ዶላር መቀጫ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ዜግነት ያላገኛችሁ ሰዎች የገንዘቡን ማነስ አይታችሁ "ጥፋተኛ ነኝ" ብላችሁ እንዳትፈርሙ። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሩ። የወንጀል ሪከርድ የግሪን ካርድ ወይም የዜግነት ማመልከቻ ላይ መጠየቁ አይቀርም።

የጤና ቢሮው ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይሄድ አስተዳደራዊ መቀጫ መጣል ይችላል። ለአንድ ጥሰት ከ25 እስከ 1,000 ዶላር ነው። አደገኛ የመሰለውን መሣሪያና ቀለም ሊይዝ ይችላል። ለጤና አፋጣኝ አደጋ ካየ ቤቱን እዚያው ሊዘጋ ይችላል። ሙቅ ውሃ መቋረጥ፣ የፍሳሽ መውጣትና ያልመከነ መሣሪያ መጠቀም ለዚህ ይበቃሉ።

ከተዘጋባችሁ፣ ወይም ፈቃዱ ከታገደ

1. መሥራት አቁሙ። መጋረጃ ዘግቶ "የቀጠሮ ደንበኛ ብቻ" ማለት እገዳውን ወደ ወንጀል ይቀይረዋል።
2. ማስታወቂያውን በጥንቃቄ አንብቡ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ሰው ያስነብባችሁ። የተጻፈውን የሕግ ቁጥር አውጡ።
3. የደረሳችሁን ቀን ጻፉ። የመሰማት መብት አላችሁ። ጥያቄውን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላስገባችሁ መብታችሁን እንደተዋችሁ ይቆጠራል። በስልክ መናገር አይበቃም።
4. ጥፋቱን አስተካክሉ። ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኝ ያዙ።
5. ድጋሚ ምርመራ ጠይቁ። ብዙ ካውንቲዎች ለዚህ ያስከፍላሉ።
6. ቀጠሮ የያዙ ደንበኞችን በሌላ ሰው ቤት እንዳትሠሩላቸው። ቤቱ ፈቃድ ከሌለው ያ ሰውም ይጠየቃል።

ቤቱን ሸጣችሁ ከሆነ ወይም ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ከተዛወራችሁ ፈቃዱ አይከተላችሁም። ገዢው "ፈቃድ ያለው ቤት ነው የገዛሁት" ብሎ በእናንተ ወረቀት ሊሠራ አይችልም። ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ገዢው በስሙ ያመልክት። እናንተም የድሮው ፈቃድ እንዲዘጋ በጽሑፍ አሳውቁ። አለበለዚያ እሱ ለሚያጠፋው እናንተ ትጠራላችሁ።